ጥፋቱ ያልተነገረው ቁጥር

ስለ አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። 16,777,216 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዙና በውጤቱ ላይ 1 ጨምሩበት። የሚወጣው ቁጥር 5,050,446 አሃዞች አሉት። በአንድ ገጽ 3,000 አሃዝ እናትም ብንል ከ1,680 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ከዳር እስከ ዳር ቁጥር ብቻ። የሒሳብ ሰዎች 24ኛው የፌርማ ቁጥር ይሉታል። ቆጠራቸው የሚጀምረው ከ0 ነው፤ ኮድ ለምንጽፍ ሰዎች ይሄ ደስ ይላል።

ስለዚህ ቁጥር አንድ የተረጋገጠ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሪቻርድ ክራንዳል፣ ኧርንስት ማየርና ጄሰን ፓፓዶፑሎስ የተባሉ ሰዎች ብቸኛ ቁጥር እንዳልሆነ አረጋገጡ (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ብቸኛ ቁጥር ማለት ትምህርት ቤት ፕራይም ብለን የተማርነው፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ማለት ነው። ይሄኛው ብቸኛ ካልሆነ ኮምፖዚት ነው፤ ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ ቁጥር አለ ማለት ነው።

ማነው ያ አካፋይ? ይህን እስከምጽፍ ድረስ የሚያውቅ ሰው የለም። አንድም አልተገኘም።

እንዲህ ያለ ነገር መጀመሪያ ስትሰሙት ግራ ያጋባል። «የሚያካፍለው አለ» ካላችሁ «እስቲ አሳዩኝ» ማለት የአባት ነው። አላሳያችሁም፤ ግን እርግጠኛ ናችሁ። ፍርዱ ወጥቷል፤ ምክንያቱ ግን አልተነገረም።

ይህ ቁጥር ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው በሒሳብ ፍቅር ብቻ አይደለም። አንዲት ጎረቤታችን በጠየቁኝ ጥያቄ የተነሳ ነው።

*

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። በአንድ ወቅት የነበርኩበት ቡድን በስልክ አነስተኛ ብድር የሚሰጥ ሲስተም ሠርቶ ነበር። ሰው ያመለክታል፤ ሲስተሙ የስልኩንና የሒሳቡን ታሪክ አይቶ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡ ከተቆረጠው መስመር በታች ከሆነ «ይቅርታ፣ በአሁኑ ጊዜ ለብድር የሚያስፈልገውን መስፈርት አላሟሉም» የሚል አጭር መልእክት ይደርሰዋል። ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ። ትሕትና ያላት መስላኝ ነበር።

እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ ጎረቤት አሉን። ጤፍ ከመወደዱ በፊት ሁለት ኩንታል ለመግዛት አስበው አመለከቱ። መልእክቷ ደረሰቻቸው። እኔ «እዚያ የምሠራ» መሆኔን ከእናቴ ሰምተው ኖሮ አንድ ምሽት ቡና ተፈልቶ ሳለ መጡ። ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አሳዩኝና፣ «እስቲ አንተ የተማርከው ንገረኝ ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አሉ።

«ኧረ እትዬ፣ ምንም አላጠፉም። ሲስተሙ ነው።»

«እሺ፣ ሲስተሙ ምን አጠፋች ይላል?»

መልስ አልነበረኝም። ሲስተሙ ከመቶ በላይ ነገሮችን ደማምሮ አንድ ነጥብ ያወጣል፤ ነጥቡ ለምን ያን ያህል እንደሆነ ግን አይናገርም። እኛም ጠይቀነው አናውቅም። «ይቅርታ» አልኳቸው፤ የመልእክቷን የመጀመሪያ ቃል ደገምኩላቸው ማለት ነው። ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ያን ማታ ራሴን ያጽናናሁት በዚያ ቁጥር ነው። «ምክንያት ሳያሳዩ መፍረድ እኮ ነውር አይደለም፤ ከሁሉ ጥንቁቅ የሚባሉት የሒሳብ ሰዎች እንኳ ያደርጉታል» አልኩ። ይሄ ጽሑፍ ያ መጽናኛ ይሠራ እንደሆነ የማይበት ነው።

*

ፒየር ዴ ፌርማ ሒሳብ የትርፍ ጊዜው ነበር። እንጀራው በቱሉዝ ከተማ የፍርድ ቤት ሥራ ነው፤ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ነበር። በ1640 አካባቢ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 የሚሉትን ቁጥሮች ተመለከተ። አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንትና አስራ ስድስት ሁለቶችን እያባዛችሁ 1 ስትጨምሩ የሚመጡ ናቸው። አምስቱም ብቸኛ ናቸው። ፌርማ በዚሁ መንገድ የሚሠሩት ሁሉ ብቸኛ መሆናቸውን አመነ፤ ማረጋገጫ ግን አልነበረውም።

ቀጣዩ 4,294,967,297 ነው። ፕሮግራመር የሆነ ሰው ጎረቤቱን 4,294,967,296ን ያውቀዋል፤ በ32 ቢት ሊጻፉ የሚችሉ ቁጥሮች ብዛት ነው። በ1732 ሌዎናርድ ኦይለር ይህን ቁጥር 641 ያለ ቀሪ እንደሚያካፍለው አሳየ፤ 641 በ6,700,417 ሲባዛ በትክክል እሱን ይሰጣል። ስልካችሁን አውጡና ሞክሩት። የፌርማ እምነት በአንድ ማባዛት ፈረሰ።

ኦይለር ያደረገው ሁላችንም የምንወደው ዓይነት ፍርድ ነው። «ተሳስተሃል፤ ስህተትህም ይኸው።» ክርክር የለውም።

ሌላም መንገድ አለ፤ የሚያስቀው ደግሞ ያንን መንገድ የከፈተው በዚያው ዓመት ራሱ ፌርማ መሆኑ ነው። እንዲህ ይላል፦ አንድ ቁጥር ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ፣ ከቁጥሩ በአንድ ያነሱ ሁለቶችን አባዝታችሁ ለቁጥሩ ስታካፍሉ ቀሪው ሁልጊዜ 1 ነው። 7ን እንውሰድ። ስድስት ሁለቶች ሲባዙ 64 ይሆናሉ፤ 64 ለ7 ሲካፈል 9 ደርሶ 1 ይቀራል። ትክክል።

አሁን 91ን እንይ። ሲያዩት ብቸኛ ይመስላል፤ ለ2፣ ለ3፣ ለ5 አይካፈልም። 90 ሁለቶችን አባዝታችሁ ለ91 ብታካፍሉ የሚቀረው 64 ነው። 1 መሆን ነበረበት፤ አልሆነም። በቃ፣ 91 ብቸኛ አይደለም። ልብ በሉ፤ 7 በ13 ሲባዛ 91 መሆኑን አንዴም አላነሳንም። ስለ አካፋዮቹ ምንም ሳናውቅ ነው የፈረድነው። ይሄ አካሄድ የፌርማ ፈተና ይባላል።

ፌርማ የራሱን 4,294,967,297 በራሱ ፈተና ፈትኖት ቢሆን ኖሮ ኦይለር 92 ዓመት ቆይቶ ባላረመው። በ2 ብንፈትነው ያልፋል፤ የፌርማ ቁጥሮች ሁሉ በ2 ያልፋሉ። በ3 ቢፈትነው ግን ይወድቅ ነበር። የሚያስፈልገው 3ን በራሱ፣ ውጤቱንም እንደገና በራሱ እያባዙ ቀሪውን ብቻ እየያዙ 32 ጊዜ መሄድ ነው። በእጅ አድካሚ ነው እንጂ የማይቻል አይደለም። ፈራጁ የራሱን እምነት ችሎት ፊት አላቀረበውም።

24ኛው የፌርማ ቁጥር የወደቀውም የዚሁ ዘመድ በሆነ ፈተና ነው። በ1877 ቴዎፊል ፔፒን የተባለ ፈረንሳዊ ለእነዚህ ቁጥሮች ልክ የተሰፋ ፈተና አወጣ፤ ቁጥሩ ብቸኛ ከሆነ ያልፋል፣ ካልሆነ ይወድቃል፣ መሐል ቤት የለም። ሥራው 3ን በራሱ ማባዛትና ቀሪውን መያዝ ነው፤ በ24ኛው ላይ ይህን 16,777,215 ጊዜ መደጋገም ይጠይቃል፣ ያውም ከአምስት ሚሊዮን አሃዝ በላይ ባላቸው ቁጥሮች። ሰዎቹ በኮምፒውተር አደረጉት። መጨረሻ ላይ መቅረት የነበረበት አልቀረም። ፍርዱ ይኸው ነው።

*

በፍርዱና በምክንያቱ መካከል ያለው ርቀት አንዳንዴ ዕድሜ ይፈጃል። ማሪን ሜርሴን የተባለ የፈረንሳይ መነኩሴ በ1644 ብቸኛ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው ቁጥሮች አንዱ 67 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚመጣው ነበር፤ 147,573,952,589,676,412,927። በ1876 ኤድዋር ሉካ ብቸኛ እንዳልሆነ አረጋገጠ። አካፋዮቹን ግን አላገኘም።

በጥቅምት 1903 ኒውዮርክ ውስጥ በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ፍራንክ ኔልሰን ኮል ተነሣ። እንደሚተረከው ከሆነ አንድ ቃል አልተናገረም። ወደ ሰሌዳው ሄዶ በአንድ በኩል 67 ሁለቶችን አባዝቶ 1 ቀነሰ። በሌላ በኩል 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። ጠመኔውን አስቀምጦ ተቀመጠ። አዳራሹ አጨበጨበ። ስንት ጊዜ ፈጀብህ ሲባል «የሦስት ዓመት እሑዶች» ብሏል ይባላል።

ይህን ታሪክ ያነበብኩት ተማሪ ሳለሁ ነው። ያኔ የገረመኝ የሰውየው ትዕግሥት ነበር። አሁን የሚገርመኝ ጭብጨባው ነው። ፍርዱ እኮ ከ27 ዓመት በፊት ተሰጥቷል። ኮል የለወጠው ውሳኔ የለም፤ ቁጥሩ ሲገባም ኮምፖዚት፣ ሲወጣም ኮምፖዚት ነው። ታዲያ ሰዎቹ ለምን አጨበጨቡ? እኔ እንደሚመስለኝ ማወቅ ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ስለሆነ ነው። እርግጠኛ መሆን አንድ ነገር ነው። ምክንያቱን በእጅ መያዝ ሌላ ነው። ሉካ የመጀመሪያውን ሰጣቸው፣ ኮል ሁለተኛውን።

ዛሬ የዲጂታል ደኅንነታችን ትልቅ ክፍል የቆመው በዚሁ ርቀት ላይ ነው። በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና ኤድልማን ያወጡት አርኤስኤ የተባለው የምስጢር ዘዴ የሁለት ትላልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ብዜት በአደባባይ ያሰጣል፤ ሁለቱን ግን ይደብቃል። ብዜቱ ኮምፖዚት መሆኑን ማንም ያውቃል፤ አካፋዮቹን ማግኘት ነው ጭንቁ። ለውድድር ቀርቦ ከነበረው ከዚህ ዓይነት ቁጥር አንዱ 617 አሃዝ አለው፤ እስካሁን የፈታው የለም።

*

እንግዲህ መጽናኛዬን ልመርምረው። «የሒሳብ ሰዎች ያለ ምክንያት ይፈርዳሉ፤ እኛም ብንፈርድ ምንድነው?»

መጀመሪያ የታየኝ ነገር የስህተቱ አቅጣጫ ነው። የፌርማ ፈተና ይሳሳታል። 341ን ውሰዱ፤ 11 በ31 ነው። አስር ሁለቶች ሲባዙ 1,024 ናቸው፤ 1,024 ለ341 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። ስለዚህ 340 ሁለቶችም ቀሪያቸው 1 ይሆናል፤ 341 ብቸኛ መስሎ ያልፋል። ከዚህ የባሰ አለ። 561፣ ማለትም 3 በ11 በ17፣ በ2 ብቻ ሳይሆን ከእሱ ጋር የጋራ አካፋይ በሌለው በማንኛውም ቁጥር ቢፈተን ያልፋል። እንዲህ ያሉ አታላዮች ማለቂያ እንደሌላቸው በ1994 ተረጋግጧል።

ግን እዩት፤ ስህተቱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ነው። ኮምፖዚት የሆነው ብቸኛ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ብቸኛው ግን በፍጹም አይወድቅም። ፈተናው ጥፋተኛን ይለቅ ይሆናል እንጂ ንጹሑን አይወነጅልም። የሕግ ተማሪዎች ደጋግመው የሚሰሙት አንድ ንጹሕ ሰው ከሚቀጣ ብዙ ጥፋተኛ ቢያመልጥ ይሻላል የሚለው ነገር እዚህ ፈተና ውስጥ ተሠርቶ ገብቷል።

ጋሪ ሚለርና ማይክል ራቢን ያሻሻሉት ፈተና ደግሞ ማምለጫውንም ያጠብባል። በዚያ ፈተና ቁጥሩን የሚያጋልጠው ቁጥር ስሙ ምስክር ነው፤ እኔ ለጽሑፌ የፈጠርኩት አይደለም፣ የሒሳብ ሰዎቹ ራሳቸው እንዲህ ይሉታል። አንድ ጎዶሎ ቁጥር ኮምፖዚት ከሆነ ሊጠሩበት ከሚችሉት መካከል ቢያንስ ከአራቱ ሦስቱ ይመሰክሩበታል። ስለዚህ በዘፈቀደ ሃያ ጊዜ ብትጠሩና ሃያዎቹም ዝም ቢሉ፣ ኮምፖዚት የሆነው የማምለጥ ዕድሉ ከትሪሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም። ምስክር ሲገኝ ግን አንዱ ይበቃል፤ ምክንያቱም የዚህ ምስክር ቃል ሐሰት ሊሆን አይችልም።

የእኛ ሲስተም ስህተት አቅጣጫ የለውም። የማይከፍለውን ያበድራል፣ የሚከፍለውን ይከለክላል። ሁለቱ ስህተቶች ደግሞ እኩል አይታዩም። ተበድሮ ያልከፈለ ሰው በየወሩ ሪፖርታችን ላይ በቀይ ይወጣል። ቢሰጠው ኖሮ ይከፍል የነበረው ሰው ግን የትም አይወጣም፤ አልተበደረማ፣ በምን ይታወቃል? የበደልነው ሰው የሚመዘገብበት ዓምድ አልነበረንም። ስለዚህ በየወሩ «ሲስተሙ ጥሩ እየሠራ ነው» እንል ነበር፤ ከሚታየው አንጻር ውሸት አልነበረም።

*

በአገራችን በድሮ ዘመን ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር። ዕቃ የተሰረቀበት ሰው ያመለክታል። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ በመድኃኒቱ ሰክሮ እየተንገዳገደ በሰፈሩ ይዞራል፤ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፣ ይከፍላል። ባለቤቱ «ለምን እኔ?» ቢል መልሱ «ልጁ አንተ ቤት ገብቷል» ነው።

በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ «በላ ልበልሃ» ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ቆመው፣ እየተጠያየቁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይሟገታሉ። የከሰሰ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ የተከሰሰ ይመልሳል። ሁለቱም የእኛ ናቸው። አንዱ ፍርድ የሚሰጠው በልጅ እግር ነው፣ ሌላው በምክንያት።

ሲስተማችን ሌባሻይ ነበር አልልም። የተሠራው ከእውነተኛ መረጃ ነው፤ ከጭፍን ግምት በጣም ይሻላል። የባንክ ሠራተኛ ፊት አይቶ ከሚወስነውም ሳይሻል አይቀርም። ለተከለከለው ሰው የሚሰጠው መልስ ግን አንድ ነው፤ «ልጁ አንተ ቤት ገብቷል።»

24ኛው የፌርማ ቁጥር ላይ የተፈረደው ግን እንዲህ አይደለም። አካፋዩ ባይታወቅም ፍርዱ የተሰጠበት መንገድ ለሁሉ የተከፈተ ነው። የፔፒንን ማረጋገጫ ማንም አንብቦ መከተል ይችላል። ስሌቱንም በተለያዩ ማሽኖች ለየብቻ ሠርተው አመሳክረዋል። የሚጠራጠር ካለ እንደገና ያስላ፤ የሚፈልገው ኮምፒውተርና ትዕግሥት ነው። ምክንያቱ ባይኖርም በላ ልበልሃ ማለት ይቻላል። ጎረቤታችን ግን ምን ይዘው ይሟገቱ?

ይህን ለቡድኑ ሳነሳ የተሰጠኝ መልስ ተራ አልነበረም። «ምክንያቱን ከነገርናቸው ይማሩበታል። አጭበርባሪው ቀጥሎ የት ጋ እንደሚያልፍ ያውቃል።» እውነት አለው። ግን አርኤስኤን አስቡት። ዘዴው ከ1977 ጀምሮ በአደባባይ ነው፤ የተደበቁት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ኦጉስት ኬርክሆፍስ በ1883 የጻፈው መርህም ይሄው ነው፤ የምስጢር ዘዴ አሠራሩ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ መጽናት አለበት፣ መደበቅ ያለበት ቁልፉ ነው። አሠራሩ ሲታወቅ የሚፈርስ ሲስተም መጀመሪያውኑ ደካማ ነው። አንድ ሰው የተከለከለበትን ምክንያት ሰምቶ ሕይወቱን በእርግጥ ካስተካከለ ደግሞ ያ ማጭበርበር ነው እንዴ? ዕዳውን የከፈለ፣ ሒሳቡን ያሟላ ሰው እኮ የተሻለ ተበዳሪ ነው የሆነው።

*

ከጎረቤታችን ፈቃድ፣ ከቡድን መሪዬም ፈቃድ ጠይቄ የእሳቸውን ማመልከቻ መመርመር ጀመርኩ። የኮልን ያህል አልፈጀብኝም፤ ሦስት እሑድ በቃኝ። ዘዴው ቀላል ነው። ስለ እሳቸው የተመዘገበውን ሁሉ እንዳለ ትቼ አንዱን ነገር ብቻ እየለወጥኩ ነጥቡን እንደገና አሰላሁ። ይሄኛው ቢለወጥ ያልፉ ነበር? አያልፉም። ያኛውስ? አያልፉም። ብዙ ሞከርኩ።

ሦስተኛው እሑድ ከሰዓት ላይ ተገኘ፤ የስልክ ቁጥሩ ዕድሜ። ሲስተሙ የሚያውቃቸው የአራት ወር ሰው አድርጎ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ታሪክ ባዶ ነው። ባዶ ታሪክ ደግሞ በእኛ ሲስተም መጥፎ ታሪክ ከሚባለው ብዙም አይሻልም።

ሄጄ ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ ስልክ ቀይረው ነበር?»

«ታክሲ ውስጥ ተሰርቄ! ያን ጊዜ ነው ይሄን አዲሱን ሲም ያወጣሁት። ምነው?»

ነገርኳቸው። አስራ አንድ ዓመት የያዙት ቁጥር፣ የምግብ ቤቶቹን ክፍያ ሲቀበሉበት፣ ዕቁብ ሲጥሉበት የኖሩበት፣ ከሌባው ጋር ሄዷል። ሲስተማችን አዲሱን ቁጥር ሲያይ አዲስ ሰው ያየ መሰለው። አንድ ምስክር ጠራ፣ እሱም ሐሰት መሰከረ።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ታዲያ ያኔ ብትነግሩኝ የድሮውን ቁጥሬን አላስመልስም ነበር? መታወቂያዬን ይዤ ብሄድ እኮ ይሰጡኛል። ሰነፍኩ እንጂ» አሉ።

ይሄን መልስ አላሰብኩትም ነበር። እኔ ስፈልግ የሰነበትኩት እውነትን ነበር፤ ሲስተሙ የወሰነበትን ትክክለኛ ምክንያት። እሳቸው ወዲያው ያዩት ሌላ ነገር ነው፤ ምክንያቱ ቢነገራቸው ኖሮ ምን ያደርጉ እንደነበር። በዚያ መሐል ከአራጣ አበዳሪ ወስደው ጤፉን ገዝተዋል። ወለዱን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የመጽናኛዬ መጨረሻ ይሄ ነው። 24ኛው የፌርማ ቁጥር አካፋዩ ባይነገረው አይጎዳም። ጤፍ አይገዛም። «ለምን?» አይልም፤ ቢነገረውም የሚያስተካክለው የለውም፤ እስከ ዘለዓለም ያው ነው። ለቁጥር ፍርድ ይበቃዋል። ሰው ግን ፍርዱን ሰምቶ ወይ ይሟገታል፣ ወይ ይታረማል፣ ወይ ወደ ሌላ በር ይሄዳል፤ ሦስቱንም የሚያደርገው ምክንያቱን ካወቀ ብቻ ነው። ምክንያት የምንሰጠው እኛ ልክ መሆናችንን ለማሳየት ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ለሰውየው የሚሠራበትን ነገር መስጠትም ነው። ሲስተሙ ስለ እሳቸው ልክ ቢሆን እንኳ፣ በእውነት መክፈል የማይችሉ ቢሆኑም እንኳ፣ ያ ዕዳ ይቀርብናል ብዬ አላምንም።

«ሁሉም ውሳኔ ምክንያቱ ይነገር» ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ከመቶ በላይ ነገሮች ተደባልቀው የሚያወጡት ነጥብ ሁልጊዜ አንድ አካፋይ የለውም። አንዳንዴ አንዱን ብትለውጡ ምንም የለም፤ አምስቱ አንድ ላይ ካልተለወጡ ነጥቡ አይነቃነቅም። ያን ጊዜ ምን ብለን እንንገር? ቢያንስ ሁለት ነገር ማለት ይቻላል ብዬ አስባለሁ። አንደኛ፣ ምክንያቱን የማናውቀው ከሆነ «አላሟሉም» አንበል፤ «አላወቅንም» እንበል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሁለተኛ፣ ምክንያት መስጠት ያልቻለ ሲስተም ብቻውን በር አይዝጋ፤ ከኋላው ተጠያቂ ሰው ይኑር።

ብዙ ተከራክረን መልእክቷ ተለወጠች። አሁን ከ«ይቅርታ» በኋላ አንድ መስመር ትጨምራለች፤ ነጥቡን ከሁሉ በላይ ያወረደው ነገር ምን እንደሆነና ሰውየው የሚመለከተውን ሰው የሚያገኝበት ስልክ። ለሁሉም አመልካች አይደለም፤ ምክንያቱ ነጥሮ ለወጣላቸው ብቻ ነው። ለቀሩት የድሮዋ መልእክት አሁንም ትሄዳለች። ከዚያ ቡድን ስወጣ ነገሩ እንደዚሁ ነበር።

የ24ኛውን የፌርማ ቁጥር አካፋይ የሚፈልጉ ሰዎች ዛሬም አሉ። ኮምፒውተራቸውን ሌሊቱን ሙሉ ያስሮጣሉ፤ ቢያገኙት ፍርዱ ቅንጣት እንደማይለወጥ እያወቁ። ስለ እነሱ ሳስብ እቀናለሁ፤ እኛ ፍርዱ ሊለወጥላቸው የሚችሉ ሰዎች ይዘን ሦስት እሑድ ለመስጠት ስንከራከር ከረምን።

ጎረቤታችን አሁንም እንጀራ ያስረክባሉ። የድሮ ቁጥራቸውን አስመልሰዋል፤ እኔም በእሱ ነው የምደውልላቸው። አራጣውንም ከፍለው ጨርሰዋል። ሁለተኛ ግን አላመለከቱም።